ቅባት እየተጠቀምን ኮንዶሙ ለምን ይቀደድብናል?

ጥያቄ፦ የ27 ዓመት ወንድ ነኝ። ከአንድ ወንድ ጋር አብረን መሆን ከጀመርን ሰባት ወር ሆነን። ሁልጊዜ በኮንዶም ነው፤ ነገር ግን በሁለት ወር ውስጥ ሁለት ጊዜ ተቀደደብን። የመጨረሻው የዛሬ ሦስት ሳምንት ነው። ድርቀት እንዳይኖር ቅባት እንቀባለን፤ ስለዚህ ምክንያቱ አልገባኝም። ከተቀደደ በአሥረኛው ቀን ሄጄ የኤች አይ ቪ ምርመራ አደረግኩ፤ ሽንትም ሰጠሁ፤ «ምንም የለብህም» ተባልኩ። ከወንድ ጋር መሆኔን ግን አልተናገርኩም። ጓደኛዬ አሁን «የሚቀደድ ከሆነ ምን ያደርግልናል? ሁለታችንም ነጻ ነን፤ እንተወው» ይለኛል። ልክ ነው? ደግሞ አንዳንዴ ከኋላ ትንሽ ደም አያለሁ። ኪንታሮት ሳይሆን አይቀርም ብዬ ትቼዋለሁ።

ምላሽ፦ ወንድሜ፣ የጥያቄህ ቁልፍ «ቅባት እንቀባለን» ባልከው ላይ ነው ያለው። ምን ዓይነት ቅባት እንደሆነ አልጻፍክም። እኔ ጋ ይህንኑ ችግር ይዘው የሚመጡ ሰዎችን ስጠይቃቸው ግን መልሳቸው ተመሳሳይ ነው፤ ቫዝሊን፣ የገላ ሎሽን፣ የሕፃናት ዘይት፣ አንዳንዴም የምግብ ዘይት። ያንተም ከእነዚህ አንዱ ከሆነ ኮንዶሙ ከመጀመሪያው ደካማ ሆኖ አይደለም የተቀደደው፤ ቀብታችሁ ያደከማችሁት ራሳችሁ ናችሁ። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች እንደሚባለው፣ ድርቀትን ስትሸሹ መከላከያችሁን አጣችሁ ማለት ነው።

አብዛኛው ኮንዶም ከላቴክስ፣ ማለትም ከተፈጥሮ ጎማ ነው የሚሠራው። ጎማና ዘይት ደግሞ አይዋደዱም። ዘይቱ ወደ ጎማው ሰርጎ ይገባና ውስጡን ያላላዋል። ላይ ላዩን ሲያዩት ምንም የሆነ አይመስልም፤ ሲለጠጥ ግን ጉልበቱ አልቋል። ይህ ሰዓታት የሚፈጅ ነገር እንዳይመስልህ። በ1989 የታተመ የላቦራቶሪ ጥናት (ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምጽፈው) የላቴክስ ኮንዶም ለ60 ሰከንድ ብቻ የማዕድን ዘይት ሲነካው ጥንካሬው በ90 በመቶ ገደማ እንደሚወርድ አሳይቷል። አንድ ደቂቃ ብቻ! የሕፃናት ዘይት የምንለው በአብዛኛው ሽታ የተጨመረበት ይኸው የማዕድን ዘይት ነው። ቫዝሊንም የእሱ ዘመድ ነው። ሎሽንና ክሬም በውኃ በቀላሉ ስለሚታጠቡ ብቻ ዘይት የለባቸውም ማለት አይደለም፤ ብዙዎቹ አለባቸው።

ለላቴክስ የሚስማማው በውኃ ወይም በሲሊኮን የተሠራ ማለስለሻ ነው። የውኃው ቶሎ ስለሚደርቅ በመሃል መጨመር ይፈልጋል። የሲሊኮኑ ረጅም ጊዜ ይቆያል፤ ለማጠብ ግን ያስቸግራል። ከውኃዎቹም ቢሆን በጣም የሚጣፍጡትንና የሚያዝለገልጉትን አልወድም፤ በውስጣቸው ያለው ግሊሰሪን ሲበዛ ከአንጀት ሽፋን ሴሎች ውኃ እየሳበ ሽፋኑን ያቆስላል። «ኖኖክሲኖል 9» የሚል ጽሑፍ ያለበትን ማለስለሻም ሆነ ኮንዶም አትግዛ። ይህ የወንድ ዘር ገዳይ ኬሚካል ከኤች አይ ቪ ይከላከላል ተብሎ ተስፋ ተጥሎበት ነበር፤ ሲጠና ግን የፊንጢጣን ሽፋን እየላጠ ይባስ በር የሚከፍት ሆኖ ተገኘ። ምራቅ ደግሞ ከደቂቃዎች በላይ አይቆይም። ከዚያም በላይ በ2016 የወጣ የአውስትራሊያ ጥናት ምራቅን እንደ ማለስለሻ መጠቀምን ከፊንጢጣ ጨብጥ ጋር አያይዞታል፤ ጨብጥ ጉሮሮ ውስጥ ምልክት ሳይሰጥ የሚቀመጥ ስለሆነ ነገሩ አያስገርምም።

ፊንጢጣ በራሱ ምንም ዓይነት ማርጠቢያ አያመነጭም። ስለዚህ ማለስለሻ ለእናንተ ቅንጦት አይደለም፤ የመከላከያው ግማሽ ነው። ጓደኛህ «የሚቀደድ ከሆነ ምን ያደርግልናል» ሲል እውነት የሚመስለው ኮንዶም ለፊንጢጣ ወሲብ አልተሠራም የሚል የቆየ እምነት ስላለ ነው። ለብዙ ዓመታት በማሸጊያው ላይም የተጻፈ ፈቃድ አልነበረም። በ2022 ግን የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አንድን ኮንዶም ለፊንጢጣ ወሲብ ጭምር እንዲሸጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈቀደ። መነሻው በ504 ወንዶች ላይ የተደረገ ጥናት ነበር፤ ግማሾቹ ከወንድ ጋር፣ ግማሾቹ ከሴት ጋር ወሲብ የሚፈጽሙ። በፊንጢጣ ወሲብ ጊዜ የተቀደደውና የወለቀው ተደምሮ ከመቶ አንድ እንኳ አልሞላም፤ 0.68 በመቶ ነው። በሴት ብልት በኩል 1.89 በመቶ ሆነ። ውጤቱ የብዙዎችን ግምት ገልብጧል፤ የፊንጢጣው ይበዛል ብለው ይጠብቁ ነበርና። ምክንያቱ ግን እዚያው መረጃው ውስጥ ነበር፤ በፊንጢጣ ወሲብ ጊዜ ከ100 አንዱ ወይም ሁለቱ ካልሆኑ በቀር ሁሉም ማለስለሻ ተጠቅመዋል። ከሴት ጋር ከነበሩት የተጠቀሙት ከግማሽ በታች ናቸው።

ማለስለሻችሁ ትክክለኛ ሆኖም የሚቀደድ ከሆነ ልኩን ተመልከቱ። የሚጠብ ይቀደዳል፤ የሚሰፋ ይወልቃል። ማሸጊያው ላይ በሚሊ ሜትር የተጻፈ ስፋት አለ፤ ማንበብ ነው። በኪስ ቦርሳ ውስጥ ወራት የከረመ፣ ሙቀት የመታው፣ ጊዜው ያለፈበት፣ በጥርስ የተከፈተ፣ ጫፉ ላይ አየር የተያዘበት፣ እነዚህን ታውቃቸዋለህ ብዬ አልፋቸዋለሁ። ሁለት ደራርቦ ማድረግ አይመከርም። ወሲቡ ሲረዝም በመሃል አዲስ መቀየር ግን ይመከራል፤ ይህን የሚያደርግ ሰው ጥቂት ነው። ሲወጣ ሥሩን በጣት ይዞ፣ ብልት ሳይለሰልስ ነው።

ሰዎች ሳይጠይቁኝ የምነግራቸው አንድ ነገር አለ። ኮንዶም ከሚተውባቸው ዋና ምክንያቶች አንዱ መቀደዱ ሳይሆን ሲለበስ ብልት መለስለሱ ነው፤ ወንድ ይህን አያወራም፤ «አይመቸኝም» ብሎ ነው የሚያልፈው። ከመልበስ በፊት ጫፉ ውስጥ አንዲት ጠብታ የውኃ ማለስለሻ ማድረግ ስሜቱን ይለውጠዋል፤ ብዙ አድርጎ እንዳያንሸራትት ብቻ መጠንቀቅ ነው። ብቻውን ሆኖ መለማመድም ይረዳል። አስገቢው በእንክብል ታግዞ የሚቆም ከሆነ ደግሞ አንድ ማስጠንቀቂያ ልጨምር፤ ሲልደናፊልና መሰሎቹ «ፖፐርስ» ከሚባለው የሚሸተት ፈሳሽ ጋር ሲገናኙ የደም ግፊትን በድንገት አውርደው ሊገድሉ ይችላሉ።

አሁን ወደ ተቀደደባችሁ ቀን እንመለስ። ያን ቀን ማወቅ የነበረብህ ነገር ሳይቃጠል በቅጠል የሚባለው ዓይነት ነው። ድኅረ ተጋላጭነት መከላከያ፣ በአጭሩ ፔፕ የሚባል የፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒት አለ። በ72 ሰዓት ውስጥ ተጀምሮ ለ28 ቀን ይወሰዳል። 72 ሰዓት የመጨረሻው ወሰን ነው እንጂ እስከዚያ ይጠበቃል ማለት አይደለም፤ በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት የጀመረና በሦስተኛው ቀን የጀመረ እኩል አይደሉም። ያንተ ሦስት ሳምንት አልፎታል፤ አሁን አይሠራም። ይህን የምጽፈው እንድትጸጸት አይደለም፤ ሌላ ጊዜ ሌሊትም ቢሆን ተነሥተህ የምትሄድበትን ቦታ ከወዲሁ አጣርተህ እንድታውቅ ነው።

አደጋው ምን ያህል ነበር? የሌላው ሰው ሁኔታ ወሳኝ ነው። ቫይረሱ በደሙ ካለና መድኃኒት ካልወሰደ፣ ያለ ኮንዶም በተቀባይነት ለሚፈጸም የፊንጢጣ ወሲብ የተለመደው ግምት ከ10,000 ጊዜ 138 ያህል ነው። ለአስገቢው 11 ነው። ለማነጻጸር፣ በሴት ብልት በኩል ለሴቷ 8 ነው። ልዩነቱ የመጣው ከሥነ ምግባር አይደለም፤ ከሰውነት አሠራር ነው። የሴት ብልት ሽፋን ብዙ ድርብ ነው፤ የፊንጢጣው የውስጥ ሽፋን ግን አንድ ረድፍ ሴል ብቻ ሲሆን ከሥሩ ቫይረሱ የሚፈልጋቸው የመከላከያ ሴሎች ተከማችተዋል። «እኔ አስገቢ ስለሆንኩ ምንም አልሆንም» የሚለውም ስሌት አይሠራም፤ 11 ከዜሮ ሩቅ ነው፤ ለቂጥኝና ለጨብጥ ደግሞ የአስገቢነት ከለላ የሚባል የለም።

ወደ ምርመራህ ልምጣ፤ እዚህ ላይ ነው በጣም ያሳሰብከኝ። «ምንም የለብህም» ያሉህ ሰዎች አልዋሹህም፤ ግን ያላዩት ነገር አለ። ምርመራህ ሁለት ቀዳዳ አለው።

አንደኛው ጊዜው ነው። በአሥረኛው ቀን የተደረገ የኤች አይ ቪ ምርመራ ስለዚያ ቀን የሚናገረው ነገር የለም። ከክንድ ደም ተወስዶ በላቦራቶሪ የሚሠራው፣ አንቲጅንንና (የቫይረሱን አካል) አንቲቦዲን (ሰውነት ቫይረሱን ለመከላከል የሚሠራውን) አንድ ላይ የሚፈልገው ምርመራ ከ18 እስከ 45 ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ ነው ቫይረሱን የሚያገኘው። አንቲቦዲን ብቻ የሚፈልገው ፈጣኑ የጣት ምርመራ ከ23 እስከ 90 ቀን ይፈልጋል። ስለዚህ 45ኛው ቀን ሲያልፍ በላቦራቶሪው፣ ፈጣኑ ብቻ ከሆነ ያለው በ90ኛው ቀን ድገም። ቂጥኝም እንዲሁ ነው፤ ቁስሉ ከ10 እስከ 90 ቀን ባለው ጊዜ ነው የሚወጣው፤ በአማካይ በ21ኛው ቀን። ስለ ቂጥኝ ደም መሰጠትህን አልጻፍክም፤ ካልሰጠህ ስጥ። የቂጥኝ ቁስል አብዛኛውን ጊዜ አያምም፤ ፊንጢጣ ውስጥ ወይም ጉሮሮ ውስጥ ከወጣ ማንም አያየውም፤ ከሦስት እስከ ስድስት ሳምንት ቆይቶ በራሱ ይጠፋል። ሰውየው ዳንኩ ይላል። ከዚያ መዳፍና የእግር መርገጫ ላይ የማያሳክክ ሽፍታ ሲወጣበት አለርጂ ነው ተብሎ ቅባት ይታዘዝለታል። በጊዜው ከተገኘ በአንድ ጊዜ የቤንዛቲን ፔኒሲሊን መርፌ የሚድን በሽታ ነው።

ሁለተኛው ቀዳዳ ቦታው ነው። ሽንት የሚናገረው ስለ ሽንት ቧንቧ ብቻ ነው። ጨብጥና ክላሚዲያ ግን የገቡበት ቦታ ይቀመጣሉ፤ ፊንጢጣ የገባው ፊንጢጣ፣ ጉሮሮ የገባው ጉሮሮ። እዚያም አብዛኛውን ጊዜ ያለ ምንም ምልክት ነው። ከወንድ ጋር ወሲብ በሚፈጽሙ ወንዶች ላይ ሽንት ብቻ ቢመረመር ከእነዚህ ሁለት በሽታዎች ከግማሽ በላይ የሚሆኑት እንደሚያመልጡ በተደጋጋሚ ታይቷል። የተቀባይነት ወሲብ ኖሮህ ሽንት ብቻ መስጠት ቤቱ በጓሮ በር ተዘርፎ የፊቱን በር ቁልፍ እንደመፈተሽ ነው።

«አልተናገርኩም» ያልከውን እረዳለሁ። መናገር የሚያስከፍለውን ዋጋ የምታውቀው አንተ እንጂ እኔ አይደለሁም፤ የማይታመን ሰው ፊት ግልጽ ሁን ብዬ አልገፋህም። ግን ታሪክህን ሳትናገር ምርመራውን መጠየቅ ትችላለህ። «ከጉሮሮና ከፊንጢጣም ናሙና እንዲወሰድልኝ እፈልጋለሁ» ብቻ ይበቃል። ለምን ብሎ ከጠየቀህ «ተጋላጭነት ነበረኝ» በል። የፊንጢጣውን ናሙና ራስህ መውሰድም ትችላለህ፤ ቀጭን ዱላ ጫፍ ላይ ያለ ጥጥ ነው፤ ሁለት ሦስት ሴንቲ ሜትር ወደ ውስጥ አስገብቶ ጥቂት ማዞር ነው። በራስ እጅ የተወሰደው በባለሙያ ከተወሰደው ያላነሰ አስተማማኝ ነው። ሐኪምህን ማመን የምትችል ከሆነ ግን ንገረው፤ ሐኪም የሚያየው የተነገረውን አካባቢ ነው። ለሙያ ባልደረቦቼም ይህን እላለሁ፤ «ሚስት አለህ?» ብለን ከጠየቅን በኋላ «ከማን ጋር ነው ወሲብ የምትፈጽመው፣ ከወንድ፣ ከሴት፣ ከሁለቱም?» ብለን በተለመደ ድምፅ ካልጠየቅን ጥፋቱ የታማሚው አይደለም።

አሁን የጓደኛህ ሐሳብ። እውነቱን ልንገርህ፤ ሐሳቡ እብደት አይደለም። ሰባት ወር አብረው የቆዩ ሁለት ሰዎች ያለ ኮንዶም መሆን መፈለጋቸው ከማንኛውም ጥንዶች ፍላጎት አይለይም፤ ሐኪምም «ለዘለዓለም» ብሎ ቢያዝ የሚሰማው የለም። ያልተስተካከለው ቅደም ተከተሉ ነው። ከመጠምጠም መማር ይቅደም ይባል የለ? «ሁለታችንም ነጻ ነን» ለማለት ገና ማስረጃ የላችሁም፤ ያንተ ውጤት የአሥር ቀን ነው፤ የሱን ውጤት ጭራሽ አልጻፍክልኝም።

በ1993 የአውስትራሊያ ተመራማሪዎች በወንድ ጥንዶች መካከል ያዩትን ነገር «በስምምነት የተመሠረተ ጥንቃቄ» በሚል ዓይነት ስም ጠሩት። አካሄዱ እንዲህ ነው። ሁለቱም አብረው ይመረመራሉ፤ የመስኮት ጊዜ የሚባለው፣ ማለትም ምርመራው በሽታውን ገና የማያሳይበት ጊዜ፣ እስኪያልፍ በኮንዶም ይቆያሉ፤ እንደገና ይመረመራሉ፤ ውጤታቸውን ይተያያሉ። ከዚያ ስለ ውጭ ሰው በግልጽ ይነጋገራሉ፦ ጭራሽ የለም ነው ወይስ ካለ በኮንዶም ብቻ? አንዱ ስምምነቱን ካፈረሰ ወዲያው ይናገራል፤ እንደገና እስኪመረመሩም ወደ ኮንዶም ይመለሳሉ።

ጥንዶች ምርመራው ላይ አይቸገሩም። የሚቸገሩት የመጨረሻው ላይ ነው። «ብነግረው ይተወኛል» ብሎ የሚፈራ ሰው አይናገርም፤ የማይናገር ሰው ያለበት ስምምነት ደግሞ ወረቀት ነው። ስለዚህ ኮንዶሙን ከመተዋችሁ በፊት መጠየቅ ያለባችሁ «ታምነኛለህ ወይ?» የሚለውን አይደለም። «አንድ ቀን ስሳሳት ብነግርህ ምን ታደርጋለህ?» የሚለውን ነው። መልሱ ጩኸት ከሆነ ኮንዶሙ ይቆይ። ኮንዶም መጠየቅን እንደ ክሕደት ክስ የሚቆጥር ጓደኛ ካለህም እንደዚያው፤ ኮንዶም ስለ ሰው ታማኝነት የሚያውቀው ነገር የለም።

ምርመራው ላይ አንዳችሁ ቫይረሱ በደሙ ቢገኝስ? ነገሩ ብዙዎች የሚፈሩትን ያህል መንገድ የሚዘጋ አይደለም። በ2019 የታተመው «ፓርትነር 2» የተባለ ጥናት አንዳቸው ቫይረሱ ያለባቸውና መድኃኒታቸውን እየወሰዱ የቫይረስ መጠናቸው ከማይለካበት ደረጃ የወረደ 782 የወንድ ጥንዶችን ተከታትሏል። ከ76,000 ጊዜ በላይ ያለ ኮንዶም ወሲብ ተፈጽሟል። ከጓደኛ ወደ ጓደኛ የተላለፈው ቁጥር ዜሮ ነው። እዚያው ጥናት ውስጥ 15 ወንዶች በቫይረሱ ተይዘዋል፤ የቫይረሱ ዘር ሲመረመር ግን አንዱም ከቤት ጓደኛው አልመጣም፤ ሁሉም ከውጭ ነው። ይህን ቁጥር ለጥንዶች ሁሉ እነግራለሁ። መድኃኒቱን በትክክል የሚወስድ ሰው ቫይረሱን በወሲብ አያስተላልፍም፤ ያልተመረመረው ነው የሚያስተላልፈው።

ሁለታችሁም ነጻ ከሆናችሁና በውጭ ሰው ጉዳይ እርግጠኛ ካልሆናችሁ ቅድመ ተጋላጭነት መከላከያ፣ ፕሬፕ፣ አለ። በየቀኑ አንድ እንክብል ነው፤ በአግባቡ ለሚወስድ ሰው በወሲብ የሚመጣን ኤች አይ ቪ 99 በመቶ ያህል ይከላከላል። ለወንዶች ሌላም አወሳሰድ አለ፤ በ2019 የዓለም ጤና ድርጅት የተቀበለው። ከወሲቡ በፊት ከ2 እስከ 24 ሰዓት ባለው ጊዜ ሁለት እንክብል፣ ከእነዚያ 24 ሰዓት በኋላ አንድ፣ በማግስቱ በዚያው ሰዓት አንድ። አልፎ አልፎ ለሚገናኝ ሰው ይመቻል። ከመጀመርህ በፊት ግን የኤች አይ ቪ፣ የኩላሊትና የሄፓታይተስ ቢ ምርመራ ግድ ነው። መድኃኒቱ ሄፓታይተስ ቢንም ስለሚይዘው፣ በሽታው ያለበት ሰው አንዴ እየጀመረ አንዴ እያቋረጠ ቢወስደው ጉበቱ ሊቆጣ ይችላል። በየሁለት ወሩ የሚወጋ ካቦቴግራቪር፣ በ2025 ደግሞ በዓመት ሁለቴ ብቻ የሚወጋ ሌናካፓቪር ተጨምረዋል።

ፕሬፕ የሚከላከለው ኤች አይ ቪን ብቻ ነው። ለቂጥኝ፣ ለጨብጥ፣ ለክላሚዲያ ምንም አያደርግም፤ እነዚህን የሚቀንሰው አሁንም ኮንዶም ነው። ኮንዶምም ወሰን አለው። የማይሸፍነው ቆዳ ላይ ያለውን ሄርፒስ፣ የቆዳ ጉብታ የሚያመጣውን የፓፒሎማ ቫይረስና የቂጥኝ ቁስል አያቆምም፤ በ2022 ዓለምን ያዳረሰው ኤምፖክስም (የዝንጀሮ ፈንጣጣ ይባል የነበረው) በቆዳ ንክኪ የሚሄድ ነው። በአፍ ለሚደረገው ደግሞ ኮንዶም የሚያጠልቅ ሰው ከስንት አንድ ነው፤ ቂጥኝና ጨብጥ በዚያ በኩል በደንብ ይሄዳሉ። ስለዚህ በኮንዶምም ሆናችሁ ቢያንስ በዓመት አንዴ፣ ፕሬፕ ከወሰዳችሁ ወይም ከአንድ በላይ ሰው ካለ ደግሞ ከሦስት እስከ ስድስት ወር ባለው ጊዜ በሦስቱም ቦታ መመርመር አለ። ከወሲብ በኋላ በ72 ሰዓት ውስጥ 200 ሚሊ ግራም ዶክሲሳይክሊን መውሰድ ቂጥኝንና ክላሚዲያን በእጅጉ እንደሚቀንስ በ2023 ታትሟል። ነገር ግን ይህ በተደጋጋሚ ለሚያዙ ሰዎች በሐኪም ክትትል የሚሰጥ ነው፤ ባንተ ሁኔታ አልመክረውም፤ በራስህ ገዝተህ አትጀምር።

ክትባት ላይ አልቆይም። የሄፓታይተስ ኤ፣ የሄፓታይተስ ቢና የፓፒሎማ ቫይረስ ክትባት ለአንተ ይጠቅማል፤ በምትኖርበት ቦታ የሚገኝ ከሆነ የኤምፖክስም። ከሁሉ ሄፓታይተስ ቢን አስቀድም።

የቀረው ደሙ ነው፤ በመጨረሻ ላይ እንደ ትርፍ የጠቀስከው፤ እኔ ግን መጀመሪያ ላይ ባስቀምጠው ደስ ይለኝ ነበር። «ኪንታሮት» የሚለው ቃላችን ሁለት የማይገናኙ ነገሮችን ነው የሚሸከመው። አንዱ የፊንጢጣ ደም ሥር ማበጥ ነው፤ ሌላው በፓፒሎማ ቫይረስ የሚመጣ የቆዳ ጉብታ ነው። የመጀመሪያው በወሲብ አይተላለፍም፤ ሁለተኛው ይተላለፋል። በዚህ ላይ ከኋላ የሚመጣ ማንኛውም ነገር በዚህ አንድ ስም ተጠርቶ ይቀራል። ሰገራ ሲወጣ እንደ ምላጭ የሚቆርጥ ሕመም ካለና ወረቀቱ ላይ ቀይ ደም ከታየ ስንጥቅ ሊሆን ይችላል፤ ስንጥቅ ደግሞ በድርቀት፣ በጥድፊያ ወይም ከወሲብ በፊት በሳሙናና በብዙ ውኃ አብዝቶ በማጠብ ይመጣል። ደሙ ከንፍጥ ወይም ከመግል ጋር ከሆነ፣ ሰገራ ሳይኖርህ ቶሎ ቶሎ የማማጥ ስሜት ካለህ፣ የፊንጢጣ ጨብጥ ወይም ክላሚዲያ መታሰብ አለበት። ኤል ጂ ቪ የሚባል ኃይለኛ የክላሚዲያ ዝርያ አለ፤ የአንጀት ቁስለት በሽታ መስሎ ሐኪምን ሳይቀር ያታልላል፤ ሕክምናው እንደ ተራው ክላሚዲያ 7 ቀን ሳይሆን 21 ቀን ዶክሲሳይክሊን ነው። የሚደማ ሽፋን ለኤች አይ ቪም የተከፈተ በር ስለሆነ፣ እስክትታይ ድረስ የተቀባይነት ወሲብ አቁም።

ሐኪም ዘንድ ስትቀርብ «ኪንታሮት ይዞኛል» አትበል፤ እንዲያ ካልክ የኪንታሮት ቅባት ታዝዞልህ ትመለሳለህ። ያየኸውን ብቻ ተናገር፤ ደም መሆኑን፣ ቀለሙን፣ ከሰገራው ጋር ተቀላቅሎ ነው ወይስ ከላይ፣ ንፍጥ አለው ወይ፣ ያማል ወይ፣ ከስንት ቀን ወዲህ ነው። ከዚያ «ከፊንጢጣም ናሙና ይወሰድልኝ» በል። ቫዝሊኑንም ከአልጋው አጠገብ አንሣው፤ ለተሰነጠቀ ከንፈር ጥሩ ነው።